ጥቁር ክፈፍ ያለው ወረቀት

«እናቱን ዞር ብሎ እንኳ አያያትም ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና» አለች ከፊቱ የተሰለፈችው ሴት፣ አጠገቧ ለቆመችው።

ስቴርጊዮስ ማቭሩዲስ በዳቦ ቤቱ ወረፋ አራተኛ ነበር። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ሊገዛ ሰባ ሳንቲም በመዳፉ ይዟል። ዓይኑ ከመስታወቱ ጀርባ በተደረደሩት ባለ ክሬም ቂጣዎች ላይ ቢያርፍም ሐሳቡ ማታ በሚያሳየው ኦፔራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለነበር መጀመሪያ የሴቶቹን ወሬ ልብ አላለውም። አንዷ ባለ ጎማ የገበያ ጋሪ ይዛለች፣ ሌላዋ ትንሽ ውሻ አቅፋለች። ሟቹ ጣሊያን አገር ድረስ ሄዶ ሙዚቃ እንደተማረ፣ እዚያው መቅረት ሲችል ወደ ቮሎስ እንደተመለሰ፣ ከዚያም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኔያ ዮኒያ ውስጥ አንድ አሮጌ የትምባሆ መጋዘን ይዞ የታክሲ ሹፌርና የባንክ ጸሐፊ ሰብስቦ ሲያዘፍን እንደኖረ ተነጋገሩ። ባለ ጋሪዋ አንድ ጊዜ ሄዳ አይታለት ነበር። ወንበሩ ይጎረብጣል፣ ዘፈኑም መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም አለች። ባለ ውሻዋ ደግሞ ሚስቱ ጥላው የሄደችው በዚሁ ጣጣ መሆኑን ሰምታለች። ስቴርጊዮስ ሟቹ አሳዘነው። ሰው ሳይቀበር በዳቦ ወረፋ ላይ እንዲህ መፈረድ አልነበረበትም ብሎ አሰበ። ከእሱ ሕይወት ጋር ይህን ያህል የሚመሳሰል ሕይወት የኖረ ሌላ ሰው በዚህች ከተማ መኖሩን እስከ ዛሬ ሳይሰማ መቅረቱም ገረመው። ይህን አስቦ ሳይጨርስ ባለ ጋሪዋ «ማቭሩዲስ» ስትል ሰማት።

መጀመሪያ የመጣለት ነገር ድንጋጤ አልነበረም። ዓርብ ዓርብ እናቴ ቤት ነው ምሳ የምበላው፣ ብሎ ሊያርማት አፉን ከፈተ። በዚህ መሀል ባለ ዳቦ ቤቷ ቀና አለችና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የያዘችው መቆንጠጫ ከነዳቦው ትሪው ላይ ወደቀ።

«ማኤስትሮ» አለች በቀስታ፣ ከተማው ሙዚቃ መሪውን በሚጠራበት ስም። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ስላልታወቃት ሥራዋ ያስለመዳትን ተናገረች፤ «ስንት ልስጥዎት?»

ሁለቱ ሴቶች ዞሩ። ስቴርጊዮስ ሳይገዛ ወጣ። ከዳቦ ቤቱ በር ትይዩ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ፣ የከተማው የቀብር ማስታወቂያ ሁልጊዜ በሚለጠፍበት ከፍታ፣ ሙጫው ያልደረቀ ነጭ ወረቀት ነበር። ዙሪያውን የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ክፈፍ ተሰምሮበታል። መሀል ላይ ስሙ ከነአባቱ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከስሙ ሥር፣ የሟች ዕድሜ በሚጻፍበት ቦታ፣ «የቅጠል ሴቶች» የሚለው የኦፔራው ርዕስ ተጠግቶ ካላነበቡት በማይታይ ፊደል ገብቷል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ አሮጌው የትምባሆ መጋዘን ይላል። በዚህች ከተማ ወረቀት እስከ መጨረሻው የሚያነብ የለም። ሰው ክፈፉን ያያል፣ ስሙን ያያል፣ ያማትባል፣ ያልፋል። እሱም ራሱ ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያነበበው እንዲሁ ነበር።

ዚሲስ ጋ ደወለ። ዚሲስ በመዘምራኑ መካከል በጎርናና ድምፁ የሚቆም የሃያ ዓመት ወዳጁ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው የቀብር አስፈጻሚ ቢሮ አለው። በየዓመቱ የኦፔራውን ማስታወቂያ በቢሮው ማተሚያ በነጻ የሚያወጣላቸው እሱ ነው። እስከ አምና ድረስ ሥዕሉንና አቀማመጡን የምትሠራው የመድረክ ሠዓሊዋ ነበረች። እሷ በሚያዝያ ሥራ አግኝታ ጀርመን ሄደች፤ ዚሲስም ለዘንድሮ እኔ አለሁ፣ አታስቡ ብሎ ነበር።

«ወረቀቱን አየሁት» አለው ስቴርጊዮስ።

«አማረ አይደል?»

«ሞቻለሁ፣ ዚሲስ።»

«መስቀሉን እኮ አውጥቼዋለሁ» አለ ዚሲስ።

ከቀብር ወረቀቱ ቅርጽ ላይ መስቀሉን አውጥቶታል። ከላይ «ቀብር» የሚለውንም አጥፍቶ «ጥሪ» ብሏል። ክፈፉን የተወው ባዶው ወረቀት ስላላማረው ነው። ስሙን ያገዘፈው እሱ ሳይሆን ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ቅርጽ አንድ ብቻ ነውና። ዚሲስ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። አርባ ቅጠል አውጥቶ ማታ ለሠራተኛው ሰጥቶታል፣ ሠራተኛውም ጎህ ሳይቀድ ለጥፎ ጨርሷል።

«የት የት ለጠፈው?»

«እንደ ልማዱ ነዋ። ቤተ ክርስቲያኖቹ በር፣ ኪዮስኮቹ፣ ዳቦ ቤቱ፣ አንተ ቤት በር ላይ…» አለና ዚሲስ ቆመ። ሲቀጥል ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ቤተሰብ በር ላይም ይለጥፋል። ልማዱ ነው።»

ስቴርጊዮስ ሰዓቱን አየ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው። እናቱ ወይዘሮ ኤራስሚያ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ኔያ ዮኒያ፣ ወላጆቿ ስደተኞች ሆነው ከባሕር ማዶ ሲመጡ በተሰጣቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በሚያዝያ የልብ ሐኪሙ ስቴርጊዮስን ለብቻው ወደ ኮሪደር ጠርቶት፣ ቀዶ ጥገናውን በዕድሜዋ ምክንያት እንደማይደፍረው፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ብትውጥና ከድንገተኛ ድንጋጤ ብትጠበቅ ግን ገና ብዙ መኖር እንደምትችል ነግሮት ነበር። ኤራስሚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትነሳለች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥረጊያዋን ይዛ በሯን ከፍታ ደጇን ትጠርጋለች። ስልክ ገዝቶላታል፤ ባትሪው እንዳያልቅ ብላ አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። አርባ ደቂቃ አለው ማለት ነው፤ ያውም ወሬ ይዞ በሯን የሚያንኳኳ ካልቀደመው። ዚሲስን የመሀል ከተማውን አንተ ንቀል አለውና ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

ያሶኖስ መንገድን ይዞ ሲጋልብ አንድ ነገር በሥርዓት አሰበ። በየምሰሶው ቢቆም አንድ አንድ ደቂቃ ይበላበታል። መሀል ከተማ ያለው ወረቀት እናቱን አይጎዳም፤ የሚጎዳት ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ጎረቤቶቿ የሚያዩት ነው። ስለዚህ እስከ ድልድዩ አልቆምም አለ። ይሁንና መድኃኒት ቤቱን ሊያልፍ ሲል ፖሊክሴኒ መሀል መንገድ ገብታ መሪውን ያዘችበት። ፖሊክሴኒ ፋርማሲስት ናት፣ ማታ ከሚዘፍኑት ስምንት ሴቶች አንዷ። የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች በሩን ሳትከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነበር። አቀፈችው፣ ከዚያ በቁልፉ ትከሻውን መታችው፣ ከዚያ እንደገና አቀፈችው። ትናንት ማታ እስከ ሦስት ሰዓት አብረው ሲለማመዱ እንደነበሩና ጤነኛ ሆኖ እንደተለያዩ ለራሷ ስትነግር እንደቆየች፣ ግን የተጻፈ ነገርን እንዴት ትክዳለች ብላ አወራችው። እናቴ ጋ ልድረስ አላት። ፊቷ ተለወጠ፤ መሪውን ለቀቀችው።

ከድልድዩ ማዶ የመጀመሪያው ኪዮስክ ላይ የተለጠፈውን ሲቀድ ከኋላው ጉርምርምታ ሰማ። በርጩማ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስቴርጊዮስን አያውቁትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ነውር አይደለም? የሟች ወረቀት ይቀደዳል?»

«ሟቹ እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቱንና እሱን አስተያዩ። «ታዲያ አንተ ከሆንክ» አሉ ጋዜጣቸውን ገለጥ እያደረጉ፣ «ሙሉ ለሙሉ ንቀለው። ግማሹን ትተኸዋል።»

ሙሉ ለሙሉ ነቀለው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሁለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንድ ነቀለ። ሰሌዳው ላይ ከእሱ ጎን የእውነት የሞተ ሰው ወረቀት ነበር፣ የዘጠና አንድ ዓመት አዛውንት፤ ከስማቸው ሥር ሚስታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና ሌሎች ዘመዶች እየተባለ ሰባት መስመር ተጽፏል። የእሱ ወረቀት ላይ ከስሙ በቀር ምንም የለም። እጁ ሙጫ በሙጫ ሆኖ እየጋለበ፣ ወረቀቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ምን ይጻፍበት እንደነበር ሳይወድ አሰበ። ዘጠኝ ኦፔራ ጽፏል። ከዘጠኙ ሁለቱ አቴንስ ታይተዋል፤ አንዱ ለሁለት ሌሊት፣ ሌላው ለአንድ። የቀሩት ሰባቱ ከትምባሆ መጋዘኑ፣ ከትምህርት ቤት ግቢና ከደሴቶች የዓሣ ገበያ አላለፉም። አንድ ጊዜ በስኮፔሎስ ወደብ መርከቡ ዘግይቶ ሲመጣ የመርከቡ ጥሩንባ የሙዚቀኞቹን ጥሩንባ ውጦት፣ ተመልካቹ የኦፔራው አካል መስሎት አጨብጭቦ ነበር። ከሚላን ሲመለስ የጠየቁት ሁሉ ለምን መጣህ ነበር የሚሉት። እሱም የሚያሳምን መልስ አልነበረውም፤ ታክሲ እየነዳ በማለዳ ሳያስበው የሚዘፍን ሰው ድምፅ ከየትም አገር ድምፅ እንደሚበልጥበት ለማንም ሊያስረዳ አልቻለም። የዳቦ ወረፋዋ ሴት ፍርድ ስህተት የለበትም ማለት ነው። ስህተቱ ዓርብ ዓርብ ላይ ብቻ ነው።

ስለ እናቱ ግን የሴትየዋ ቃል ሌላ ቦታ ነክቶታል። ኤራስሚያ ከዘጠኙ አንዱን እንኳ አይታ አታውቅም። ባሏ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር የለበሰች ሴት ዘፈን ቤት ምን ትሠራለች አለችው መጀመሪያ ሲጋብዛት፤ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ያንኑ መለሰች። ከዚያ በኋላ መጋበዝ ተወ። በመካከላቸው ጠብ የለም። ዓርብ ዓርብ እሷ ታበስላለች፣ እሱ ይበላል፣ ስለ ቲማቲም ዋጋና ስለ ጎረቤት ውሻ ይነጋገራሉ። ስለ ሥራው ግን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።

ወደ መንገዷ ሲታጠፍ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር። ከሩቅ መስኮቶቿ መዘጋታቸውን አየ። በማለዳ የሚከፈቱ መስኮቶች ናቸው። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ወረወረው። በሩ ላይ ወረቀት አልነበረም፤ አራት የሙጫ ምልክት ብቻ በአራት ማዕዘን ቀርቷል፣ አሁንም እርጥብ ነው። ተነቅሏል ማለት ነው፤ አይታዋለች ማለት ነው። በዚሁ ጊዜ ጎረቤቷ ወይዘሮ ፌቭሮኒያ ከራሷ ቤት የጎን በር በትሪ የኮኛክ ጠርሙስ፣ ትንንሽ ብርጭቆዎችና ደረቅ ብስኩት ይዛ ወጣች። ለቀስተኛ የሚቀርብ ነገር ነው። አየችውና አልጮኸችም። ትሪውን በጥንቃቄ የግንቡ አናት ላይ አስቀመጠች፣ አማተበች፣ ተጠግታ ጉንጩን ቆንጥጣ ጎተተችው። ሥጋ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ፣ ኤራስሚያ በሩን አልከፍትም ብላ ከውስጥ ሂጂ ስትላት እንደቆየች፣ እሷም ብቻዋን ትታት ላለመሄድ፣ ትሪውን ለማምጣት ካልሆነ በቀር ከበሩ እንዳልራቀች ነገረችው።

«እማ» ብሎ አንኳኳ። «እኔ ነኝ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ።

«ዘገየህ» አለችው።

ወጥ ቤቱ ጨለም ብሏል። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ባቄላ በጋዜጣ ላይ ተዘርግቷል፤ ሩቡ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ በሳህን ተቀምጧል፣ የቀረው አልተነካም። ከጎኑ ወረቀቱ ተዘርግቶ፣ እንዳይጠቀለል አራት ማዕዘኑ ላይ ማንኪያ፣ የጨው ዕቃ፣ የመድኃኒት ጠርሙስና የመነጽር ቤት ተቀምጦበታል። ስቴርጊዮስ ሊያብራራ ሲጀምር እናቱ ቁጭ በል አለችው። ተቀመጠ። መነጽሯን አደረገችና ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።»

«በምሽት ሁለት ሰዓት ማን ይቀበራል? ቄሱስ በዚያን ሰዓት የት ይገኛል? ይህ አንድ። ቦታው ደግሞ መጋዘን ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሚቀበር የለም። ይህ ሁለት።» ጣቷ ወደ ወረቀቱ ታች፣ ባዶው ቦታ ላይ ወርዶ ቆመ። «ሦስተኛው፣ የእኔ ስም የለበትም። ልጄ ሞቶ የእኔን ስም ሳይጽፍ ወረቀት የሚያወጣ ቀባሪ በዚህ ከተማ አልተፈጠረም። የዚሲስ አባት የአባትህን ሲያወጣ ላሪሳ ያሉትን አክስቶችህን እንኳ አልረሳም።»

«ወዲያው ነው ያወቅሽው?»

«ወዲያው» አለች ኤራስሚያ፤ አንድ ባቄላ አንስታ ጫፉን ቆረጠች።

ስቴርጊዮስ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። ከጠረጴዛው ሥር የእናቱ ግራ እግር የቤት ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ቀኝ እግሯ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምታደርገውን ጥቁር ጫማ ከነማሰሪያው ተጫምቷል፣ ማሰሪያው አልታሰረም። አንዱን ጫማ ከማድረግ ሌላውን እስከማድረግ ባለው ጊዜ ውስጥ ወረቀቱን እንደገና አንብባዋለች። መስኮቱን ለምን እንደዘጋች ጠየቃት። ፀሐዩ ብላ መለሰች። በዚያ በኩል ፀሐይ የሚገባው ከቀትር በኋላ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ስቴርጊዮስ ተነስቶ መስኮቶቹን ከፈተ፣ ነጠላ ጫማዋን ከበሩ ሥር አምጥቶ ጎንበስ አለና ጥቁሩን ጫማ አወለቀላት። እሷም እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቃዛና የባቄላ ሽታ ያለው እጅ። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መድኃኒቷን በውሃ ዋጠች፣ እሱም ደረቷ የሚወጣ የሚወርደውን በሰዓቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ቆጠረ፤ ደህና ነበር። ሊስቅ ፈለገ። ሳቁ ሲመጣ ግን ግማሹ እንባ ሆነበት፤ እናቱ ያላየች መስላ ባቄላውን ቀጠለች።

ቆየት ብሎ ፌቭሮኒያ ተጠርታ ገባች፤ ኮኛኩም ተቀዳ፣ ለልቅሶ የመጣውን ለደስታ ጠጡት። ፌቭሮኒያ ይህ ሁሉ ዘፋኝ ወረቀቱን ሲያሳትም አንድ ማንበብ የሚችል አልነበረም ወይ ብላ አላገጠችበት። ኤራስሚያ ግን ወረቀቱን አልለቀቀችውም። መነጽሯን ጠጋ አድርጋ በትንንሾቹ ፊደላት ላይ ቆየች።

«የቅጠል ሴቶች የሚለው ምንድን ነው?»

አሥራ አንድ ዓመት ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር። በመጋዘኑ የትምባሆ ቅጠል ይለዩ ስለነበሩ ሴት ልጆች ነው አላት። እናቱ በአሥራ አራት ዓመቷ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ በሦስተኛው መስኮት ሥር ተቀምጣ ቅጠል ትለይ እንደነበር ያውቃል፤ እሷም ማወቁን ታውቃለች። ኤራስሚያ ባቄላውን ቆርጣ ጨረሰች። ከዚያ ጋዜጣውን ከነቁርጥራጩ ጠቀለለች።

«በስንት ሰዓት ትመጣና ትወስደኛለህ?»

ስቴርጊዮስ የሰማውን አላመነም። ጥቁር የለበሰች ሴት ሲል ጀመረ፣ የራሷን ቃል ሊመልስላት። አላስጨረሰችውም።

«የቀብር ወረቀት በሬ ላይ ተለጥፎ፣ መንገዱ ሁሉ አይቶት፣ ቤቴ ቁጭ ብል ሰው ምን ይለኛል? ልጇን ሳትሸኝ ቀረች አይለኝም?» ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አንቺም ትመጫለሽ። ልብሱን እንደሆነ አውጥተሽዋል።»

ፌቭሮኒያ የተተኮሰውን ጥቁር ቀሚሷን ቁልቁል ተመለከተችና ልክ ነሽ አለች።

ቀኑ በዚህ ዓይነት አለቀ። ስቴርጊዮስ ቀኑን ሙሉ ስልክ መለሰ፤ አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ማታ ኑ እያለ። ከላሪሳ አንዲት የአክስቱ ልጅ አበባ ይዛ አውቶቡስ ላይ ተሳፍራለች፣ ተመለሺ ማለት አልተቻለም። አንድ የቀድሞ መምህሩ ከአቴንስ ደውለው፣ ድምፁን ሲሰሙ መጀመሪያ ዘጉት፤ ሁለተኛ ሲደውሉ ሲስቁ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እናቱንና ፌቭሮኒያን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ፣ ዚሲስ በአባቱ ወግ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እጁን ከፊቱ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚገባውን ሰው ሲቀበል አገኘው። ልማድ ሆኖበት ነው፤ ሌላ አቋቋም አያውቅም። ትኬቱ አሥራ ሁለት ዩሮ ነበር፣ ለጡረተኛ ስምንት። ሰዉ መጣ፣ መጣ፣ መጣ። ግማሹ እውነቱን ሰምቶ ሊያሾፍ፣ ግማሹ ጥቁሩን አንዴ ካወጣው ላይመልሰው፣ ጥቂቱም ምንም ሳይሰማ፣ አበባ ይዞ ሊያለቅስ። ባለ ዳቦ ቤቷ መጣች። ባለ ጋሪዋም መጣች፣ ያለ ጋሪዋ፤ ስቴርጊዮስን ስታይ ከሰዉ ጀርባ ተሸሸገች። የተደረደሩት መቶ ሰማንያ ወንበሮች ሞሉ፤ ከጎረቤት ካፌ ሌላ ወንበር አስመጡ፣ እሱም አልበቃ፣ ሰው መስኮት ላይ ተቀመጠ። ኤራስሚያ በፊተኛው ረድፍ መሀል፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን ክፍል አሥራ አንዱን ሙዚቀኞችና ሃያ ሦስቱን ዘማሪዎች ይዞ ሲመራ፣ ጀርባው ሙሉ ጆሮ ሆኖ ነበር። የእናቱን ልብ ነበር የሚያዳምጠው እንጂ ሙዚቃውን አይደለም። ሴቶቹ ቅጠሉን በመጠን እየለዩ በሚዘፍኑበት ቦታ ከኋላው አንድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማና ሙዚቃ የሚመራበት ዘንግ ሊያመልጠው ነበር። እሷ አልነበረችም። ዕረፍት ሲሆን መድረኩን ዘሎ ወርዶ ወደ እሷ ሄደ። ፊቷ ቀላ ብሏል፣ እጇ ሞቋል።

«ቅጠሉን የሚይዙት ትክክል አይደለም» አለችው። «በጅማቱ በኩል ነው የሚያዘው፣ በሁለት ጣት። እነዚህ እንደሚይዙት ቢይዙት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚባረሩት። ዚሲስም አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው።»

«አውቃለሁ። ሃያ ዓመቱ ነው።»

«ስለ ቅጠሉ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አትመጪም ብዬ።»

«መምጣትና መጠየቅ አንድ ነው እንዴ?»

ፖሊክሴኒን ጠርቶ እናቱ ፊት አቆማት። ኤራስሚያም ከቅርጫቱ አንድ ደረቅ ቅጠል አንስታ በሁለት ጣቷ ይዛ አሳየቻት፣ እሷም አስመስላ ያዘች፣ ሌሎቹም ሴቶች ተጠግተው አዩ። ይህ ሁሉ በሕዝቡ ፊት፣ በዕረፍት ሰዓት ሆነ፤ አንዳንዱ የኦፔራው ክፍል መስሎት ዝም ብሎ ይመለከት ነበር። ደወሉ ሲደወል ስቴርጊዮስ ወደ ቦታው ሊመለስ ዞረ። እናቱ እጅጌውን ያዘችው።

«ከዚህ ስቀመጥ የማየው ጀርባህን ነው» አለች። ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ዛሬ ጀርባህን ማየት አልፈልግም።»

ስቴርጊዮስ ወንበሯን ራሱ አነሳው። በሙዚቀኞቹ መሀል አልፎ፣ በስተቀኝ፣ ባስ ከሚባለው ትልቁ ባለ አውታር መሣሪያ ጎን፣ ግድግዳውን ወደ ኋላዋ አድርጎ አስቀመጠው፤ ክንዷን ይዞ አደረሳት። ባስ የሚጫወተው የታክሲ ሹፌር ቀስቱን ወደ ራሱ ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት። በጥቁር ልብሷ ከጥቁር ለባሾቹ ሙዚቀኞች ጋር ተመሳሰለች፤ የጎደላት መሣሪያ ብቻ ነበር። መብራቱ ተቀነሰ። ስቴርጊዮስ ቦታው ላይ ወጥቶ ክንዶቹን አነሳ፣ ሁሉም ዓይኑን ወደ እሱ አደረገ። እሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ በስተቀኝ ተመለከተ። ኤራስሚያ መነጽሯን አስተካከለች፤ ጀምር ብላ በአገጯ አመለከተችው።